ፌዝ አውት

ደሳለች ከሸጎሌ ከፍ ብሎ ባለው መዋዕለ ሕፃናት ስትሠራ ጸጉሯ ሸበተ። ቤቱን መጀመሪያ ያቆመው አንድ የውጭ በጎ አድራጊ ነው፤ እሱ ሲሄድ ሌላ ተካው፤ እሱም ሲሄድ ሌላ። ረጂ በተለወጠ ቁጥር ግድግዳው አዲስ ቀለም፣ በሩም አዲስ ስም ያገኛል። ዱሮ «የሕፃናት ማቆያ» ነበር፤ ቀጥሎ «ቅድመ መደበኛ» ሆነ፤ አሁን ደግሞ «የቀዳማይ ልጅነት ማዕከል» ተብሏል። ንፍጥ የሚጠርገው ግን ያው የደሳለች እጅ ነው። ደክሟታል። ወገቧም አንዴ ካጎነበሰች አማላጅ ካልላኩበት አይቃናም።

ልጆቹ የድሃ ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ኢፍቱ ናት። እናቷ ሾዴ ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ወጥታ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ትወርዳለች። ልጇን የምታውልበት ካጣች በር ቆልፋባት ከመሄድ ሌላ ምርጫ የላትም። አንድ ሰሞን አድርጋዋለች፤ ኢፍቱ ከማልቀሷ ብዛት ድምጿ ተዘግቶ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የድርጅቱ ሰው ኢዮሲያስ እናቶቹን ሰበሰበና «እ... ማለቴ፣ ፕሮጀክቱ ከመስከረም ጀምሮ ፌዝ አውት ያደርጋል» አላቸው።

እናቶቹ ተያዩ።

«ወንድሜ፣ የምን ፌዝ ነው? በድህነታችን ላይ ደግሞ ልታሾፍብን መጣህ?» አለች ሾዴ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኢዮሲያስም ሳቀ፤ ልጁ ክፉ አይደለም፣ አማርኛው ነው በስብሰባ ብዛት የተበላሸው። ደሳለች ብቻ አልሳቀችም። ቃሉን ከቀደሙትም ረጂዎች አፍ ሰምታዋለች።

«ጥለውን ሊወጡ ነው ማለት ነው» አለቻቸው። ሳቁ ድንገት ሲቆም ግን «አይዟችሁ፣ መንግሥት ይረከበናል። ምንም የሚቀየር ነገር የለም» ስትል ጨመረች። ከልቧ አምናበት ነው ያለችው።

መንግሥት መረከቡስ ተረከበ። ልጆቹ እታች ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅድመ አንደኛ ክፍል ሊገቡ ሆነ፤ ምሳም አለ፤ ደሳለችም በሞግዚትነት እንድትቀጥል ተደረገ። ረጂ መጣ፣ ረጂ ሄደ ከሚሉት ጣጣ ተገላገልኩ ብላ እፎይ ልትል ስትል ነው ወሬውን የሰማችው። ክፍሉ የሚቀበለው ከአራት ዓመት ጀምሮ ነው። ኢፍቱ ገና ሦስቷ ነው።

«እትዬ፣ ምንም አይቀየርም ብለውን አልነበር?» አለች ሾዴ። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም።

ደሳለች «የልደት ወረቀት አላት?» አለቻት።

«ከየት አምጥቼ?»

«በቃ፣ አራት ናት በይ። ሌላውን ለእኔ ተይው።»

ሕፃን ውሸት ማስተማር ለጸሎተኛዋ ደሳለች ከበዳት። ግን ሲቸግር ጤፍ ብድር ነው። ኢፍቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አራት ጣቷን አንድ በአንድ ቀና ስታደርግላት ሰነበተች። ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ «ሦስት!» ስትል ነው የኖረችው፤ ያንንም ያስተማረቻት፣ በመለሰች ቁጥርም ያጨበጨበችላት ራሷ ደሳለች ናት።

የምዝገባው ቀን መምህርት ሰምሀል ከወንበሯ ተነሥታ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለች።

«የኔ ቆንጆ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

ኢፍቱ አራት ጣቶቿን አወጣች። ሾዴና ደሳለች ከኋላዋ ቆመው ያያሉ። ልጅቱ ግን ጣቶቿን አየት አደረገች፤ የሆነ ነገር አልዋጥልሽ አላት። ትንሿን ጣት አጠፈቻት።

«ሦስት!» አለች፣ ጮክ ብላ። ከዚያም ወደ ደሳለች ዞራ ፈገግ አለችና ጠበቀች።

ሾዴ መሬት መሬቱን አየች። ደሳለች ምን ታድርግ? ልጅቱ ዐይኗን አልነቀለችባትም፤ የተማረችውን በትክክል ነው የመለሰችው። ደሳለች የከበዷትን እጆች አነሣችና አጨበጨበች።

«ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አለቻት።