ሐዘን ቤት የገባ ማዳመጫ

እህቴ ባሏን ኪራሙ ቀብራ ነቀምት እኔ ዘንድ የመጣች ዕለት፣ ስፒከሮቼን ከመደርደሪያው አውርጄ በአንሶላ ጠቀለልኩና አልጋ ሥር ከተትኳቸው። ያዘዘኝ የለም። ከል የለበሰች ሴት ባለችበት ቤት ዘፈን እንደማይከፈት እያወቅሁ ነው ያደግሁት።

የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ አላገባሁም። ባኬ ጃማ ሰፈር የተከራየሁት ቤት ሁለት ክፍል ሲሆን መሐሉን የሚለየው ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። የውስጠኛውን ክፍል ለእሷ ለቀቅሁላት። እኔ ሙዚቃ የማዳምጠው ሌላ ሥራ ሳልደርብ፣ ቁጭ ብዬ ነበር። እሱ ሲቀር ከትምህርት ቤት ስመለስ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ሦስት ወር ከታገሥኩ በኋላ ጥሩ ማዳመጫ ልግዛ ብዬ ቆረጥኩ።

ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። አዲስ አበባ ሄደው ሁለት ሄድፎን ይዘው መምጣታቸውን ሰማሁ። አንደኛው ድፍን ነው፤ ጆሮን በቆዳ ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ሌላኛው ጀርባው እንደ ወንፊት ክፍት ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ስሞክራቸው ድፍኑ በለጠብኝ።

«ባርሲሳ፣ መንገድ ዳር ሆነህ አትምረጥ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። «የባጃጁን ጩኸት ስለዘጋልህ ነው የወደድከው። ና ወደ ውስጥ።»

ከጓዳቸው አስገብተው በርጩማ ሰጡኝ። «አብጠርጥረህ የምታውቀውን ክፈት። ያለዚያ ዘፈኑን ከማዳመጫው አትለየውም።»

አንድ የዋሽንት ጨዋታ ከፈትኩ። በድፍኑ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ግን ተጫዋቹ ቁምሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ክፍቱን ሳደርግ ሰውየው ከመንፋቱ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። የሚያጅበው ማሲንቆ ከግራዬ፣ ራቅ ካለ ቦታ መጣ። ሳላስበው ዞሬ አየሁ፤ ያለው የአሮጌ ሬዲዮ ክምር ነው።

«ይኼኛው ድምፅ ያወጣል» አሉ አዛውንቱ። «አጠገብህ ያለ ሰው ይሰማዋል። ቤት ማን አለ?»

«ማንም የለም» አልኩ።

ያንን ውሸት ዛሬም አልረሳውም። እህቴን ከቤቴ ያስወጣኋት ያህል ተሰማኝ፤ ቢሆንም ክፍቱን ይዤ ሄድኩ።

እሑድ ከሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋደም ስትል ድምፁን ቀንሼ ማዳመጥ ጀመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ በሩ ላይ ቆማለች። ማዳመጫውን ከራሴ ላይ መንጭቄ አወረድኩት፤ ዋሽንቱ ጭኔ ላይ ሆኖ መንፋቱን ቀጠለ።

«እታለም፣ ይቅርታ።»

«ስፒከሮችህን አልጋ ሥር ያየኋቸው በመጣሁ በሳምንቴ፣ ቤት ስጠርግ ነው» አለችኝ። «በገዛ ቤትህ እንደ ሌባ ስትደበቅ፣ ሞትን ተሸክሜ የመጣሁብህ ይመስለኛል። አትደበቀኝ።»

«ትሰሚዋለሽ?» አልኳት።

ማዳመጫውን ረጅም ጊዜ አየችው። «አልችልም። እሱ ከብት ሲመልስ ያፏጭ ነበር። አሁን ብሰማ የምሰማው እሱን ነው።» ከመጣች ጀምሮ ፊቴ አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰች። ስልኬ ላይ የተከፈተውን ዜማ አጠፋሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ወደ አዛውንቱ ተመልሼ እውነቱን ነገርኳቸው። አልወቀሱኝም። ክፍቱን ተቀብለው ድፍኑን ሰጡኝና «ዋቅኒ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናሽ በላት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ «እታለም፣ ላዳምጥ ነው» እላታለሁ። «አዳምጥ» ትለኛለች። ድፍኑ ጆሮዬን ያልበኛል፤ ዋሽንቱም እንደዚያን ቀን አልሆነልኝም። ብትጠራኝ ስለማልሰማት ወንበሬን ወደ እሷ አዙሬ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ሽሮ እየነፋች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ማዳመጫውን ሳወርድ ዝም አለች።

«ምን አልሽኝ?»

«እሱን ስለቀበርኩበት፣ ስለዚያ ቀን እየነገርኩህ ነበር።»

«እየሰማሁሽ እኮ አይደለም።»

«አውቃለሁ። እየሰማኸኝ አልችልም። መልሰህ አድርገው።»

መልሼ አደረግሁት። ሙዚቃውን ለማጥፋት እጄ ሄዶ ነበር፤ ግን የለመነችኝ እንዳልሰማት ነውና ተውኩት። ዓይኗን ከወንፊቱ ሳታነሳ ብዙ አወራች። አንዴ ወንፊቱን አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ከዚያ ቀጠለች። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። የተከፈተው ዜማ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ በመሐል ጸጥታ እንዳይገባና አንዲት ቃል እንዳልሰርቃት ብዬ።

እንዲህ እያልን ሁለት ወር ገፋን። ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «አውርደው፤ አሁን ልንገርህ» አለችኝ። አወረድኩት፤ ባሏን ቀብራ ከኪራሙ የወጣችበትን ቀን ከንጋቱ ጀምራ ነገረችኝ።