ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ

አልፊየስ ክራንዳል ከኦሃዮ ወደ ዳኮታ ሲመጣ ሦስት ሳጥን የሕግ መጻሕፍትና አንድ መጥረቢያ ይዞ ነበር። በመጻሕፍቱ የተካነ ነው፤ በመጥረቢያው ግን ገና ለማጅ። በረዶው ያለ ጊዜው ሲመጣበት ቤት ለመሥራት ወንዝ ዳር ያገኘውን የኦክ ዛፍ ሁሉ ቆርጦ ጣለ። ከእነዚያ አንዱ ቅርፊቱ ተልጦ ቁጥር ተቀርጾበታል። የመንግሥት ቀያሾች የመሬትን ማዕዘን የሚያመለክቱት እንዲህ ባለ ዛፍ ነው፤ ምስክር ዛፍ ይሉታል፤ መቁረጡም ያስቀጣል። ጠበቃው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ጣቶቹ ግን ደንዝዘው ነበር። ቆረጠው። ቁጥር ያለበትን ፊት ወደ ውስጥ አዙሮ ከግድግዳው ግንዶች አንዱ አድርጎ አጋደመውና የመጽሐፍ መደርደሪያ ከፊቱ አቆመበት።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። አልፊየስ የግዛቱ ጸሐፊ ሆነ፤ የመሬት ክርክር የሚሰማውም እሱ ነው። ለዳኝነት መታጨቱን ከዋሽንግተን ጻፉለት። ሰው አንድን ነገር ሳይረሳው የረሳው እየመሰለው ብዙ ዘመን መኖር ይችላል።

በዚያው ሳምንት ኦርፋ ሊንድ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትና ከብት አርቢው ሃስኬል ለክርክር አልፊየስ ፊት ቆሙ። ሃስኬል ቤቷም የውሃ ጉድጓዷም በእኔ ወሰን ውስጥ ነው ይላል።

“ማዕዘኑ ላይ ኦክ ነበር” አለች ኦርፋ። “ገና እንደመጣን ባሌ ቁጥሩን አሳይቶኛል።”

“ታዲያ የት ሄደ? እግር አወጣ?” አለ ሃስኬል።

“ከብቶችህን በሰው ሣር ላይ ስትነዳ አይቶ ሸሽቶ ይሆናላ።”

ሰዉ ሳቀ። አልፊየስ አልሳቀም። ዛፉ ካልተገኘ ሃስኬል ያስለካው አዲስ ወሰን ይጸናል። ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም፤ ዳኝነቱም ይመጣል፤ ሴትየዋም ዕቃዋን ትጭናለች።

ብዕሩን አስቀመጠ። “እስቲ ተከተሉኝ” አለ።

ቤቱ ወስዷቸው መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አወረደ፤ መደርደሪያውን ገፋ። ቁጥሩ ትናንት የተቀረጸ ይመስል ነበር።

“የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጉቶው ያለበትንም አሳያችኋለሁ።”

ሃስኬል ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። “ጌታው፣ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም እኮ።”

“እኔ ነበርኩ።”

ኦርፋ ቁጥሩን በጣቷ ዳሰሰችው። “ቤቱ ይሞቃል?”

“ይሞቃል።”

“እኔ ወንዝ ለወንዝ ስፈልገው እርስዎ ተደግፈውት ይኖራሉ።”



ቁጥሩ ያለበት ግንድ ለማስረጃ በመጋዝ ተቆርጦ ወጣ። ቤቱና የውሃ ጉድጓዱ ለኦርፋ ጸኑ፤ የአልፊየስ ስም ግን ለዳኝነት ዳግም አልተነሳም። ግንዱ የወጣበትን የግድግዳ ክፍተት በሳንቃ ደፈነው፤ ሳንቃው ደህና አልገጠመም። በበረዶ ወራት ሲያነብ ነፋሱ ማጅራቱን ይነካዋል። ወንበሩን ግን ከዚያ አላነሳም።