ከጆንያው ላይ ያልተነሳችው

የንቦቹ እግር ነጭ ነበር። አበባ የቀሰመች ንብ እግሯ ላይ ቢጫ ነገር ቋጥራ ትመለሳለች፤ እነዚህ ግን ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስል ነጭ ቋጥረው ከቀፏቸው አፍ ላይ ይወድቃሉ፤ በጀርባቸው ይሽከረከራሉ፤ ዝም ይላሉ። የትምወርቅ አንዷን መዳፏ ላይ አስቀምጣ እስክትሞት ድረስ አየቻት። ከዚያ ነጩን ነገር አሸተተችው።

ወዲያው ገባት። በመንዝ፣ በዘመሮ አካባቢ፣ በግንቦት ለንብ የሚበቃ አበባ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ የገብስ በሶ በሰፌድ አድርጋ አውድማዋ ላይ ታኖርላቸዋለች፤ እነሱም ዱቄቱን እንደ አበባ ብናኝ እየቋጠሩ ይገባሉ። ትናንት ደግሞ አንበጣ ሊያጠፉ ከከተማ የመጡት ሰዎች ደልዳላ ቦታ ሲፈልጉ ያንኑ አውድማ አግኝተው፣ ፉርሽካ ከመርዝ ዱቄት ጋር ሲደባልቁ ዋሉ። ንቦቹ ገበታቸው የቀረበ መሰላቸው። ቦታውን ያስለመደቻቸው እሷ ናት።

ዘመኑ 1950 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት በፊት ባሏ ሲሞት፣ የመንደሩ ሰዎች «ንብና ሴት አይስማሙም፤ ቀፎውን ለወንድ ስጪ» ብለዋት ነበር።

«ንቦቹ ነገሯችሁ?» አለቻቸውና ቀፎውን ራሷ አጠነች። ፊቷ አብጦ ሳምንት ሙሉ ዓይኗ አልተገለጠም፤ ቀፎውን ግን አልሰጠችም። አንዱ ሦስት ሆነ። የደብሩ ጧፍ የሚሠራው በእሷ ሰም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ከአውድማው ዳር ያሉት ሁለቱ ቀፎዎች ጭጭ አሉ። ከጓሮ የተሰቀለው ሦስተኛው ብቻ ገና ይጮኻል። አፉን በእበት አጠበበችና ወደ አውድማው ወረደች። ከጆንያዎቹ ሥር ሁለት ጅግሮች ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተዋል። በማግስቱ ይህ ፉርሽካ በመንደሩ ማሳ ሁሉ ሊበተን ነው፤ ከተበተነ ሦስተኛውም ቀፎ አለቀ ማለት ነው። የትምወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የተደረደሩት ጆንያዎች ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ጭቃ ሹሙ ዓምደ ሚካኤል መንደርተኛውን አስከትለው እየጮሁ መጡ። «አንቺ ሴትዮ! ገብሱን አንበጣ ሲጨርሰው ማር ልታበይን ነው?»

«ማሩስ ይቅር። ንብ ያልዞረው የባቄላ አበባ እንዴት እንደሚረግፍ እርስዎ አያውቁም?»

«የመንግሥት ሥራ ነው! ተነሽ!»

የትምወርቅ ከአጠገባቸው ወደ ቆመው ወጣት ሠራተኛ ዞረች። ከከተማ ከመጡት አንዱ ነው፤ ገሠሠ ይባላል፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ መርዙን በባዶ እጁ ያሸ፣ መዝገቡንም የሚይዝ እሱ ነው። ከጆንያው አንድ እፍኝ በነጠላዋ ጫፍ ዘግና አሳየችው።

«ና የኔ ልጅ፣ ይህን በጥብጠህ ጠጣልኝ። ያኔ እነሳለሁ።»

«እትዬ፣ ሰው አይጎዳም ብለውናል» አለ ገሠሠ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ።

«እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል ታዲያ?»

«ብርዱ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ? ትናንት ማታስ ከአጥሬ ሥር ስታስመልስ የነበረው በርዶህ ነው?»

ሰው ሳቀ። ገሠሠ አልሳቀም፤ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

«እንግዲህ ምን እናድርግ?» አሉ ዓምደ ሚካኤል። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«የመንዝን ውርጭ ረሱት? አንበጣ ጎህ ሲቀድ እንደ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ካልመታው አይነሳም። ሦስት ማለዳ ስጡኝ። ጉድጓድ ቆፍሩ፤ መጥረጊያና የበግ ጠጉር ባና ያለው ሁሉ ይውጣ። ካልሆነ እኔንም ከፉርሽካው ጋር በትኑኝ!»

ወጡ። ያሾፉባት መንደርተኞችም ወጡ። በመጀመሪያው ማለዳ ሴቶቹ ደንዝዞ ከገብሱ ዘለላ ላይ የተጣበቀውን አንበጣ ባና ላይ እያራገፉ ወደ ጉድጓድ ገለበጡ፤ ወንዶቹ አፈር መለሱበት። ማምሻውን የትምወርቅ ወደ ጆንያዎቹ ተመለሰች፤ እዚያው አደረች። በሦስተኛው ማለዳ ጉድጓዱ ሞልቶ ሌላ ተቆፈረ። የተረፈውን መንጋ ቀትር ላይ የተነሳ ነፋስ ወደ ቆላ ነዳው። ከገብሱ ሲሶው ተበልቷል፤ ይህን ማንም አልካደም።

«ያዳነን ነፋሱ ነው» አሉ ዓምደ ሚካኤል።

«ነፋስ መጥረጊያ ይዞ አላየሁም» አለች የትምወርቅ።

ጆንያዎቹ ሲጫኑ ገሠሠ መዝገቡን ይዞ ቀረባት። አለቆቹ ሥራ ያሰናከለውን ሰው ስም ጠይቀዋል። «ስምዎን... ባልጽፈውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ለምን አትጽፈውም? የሰረቅሁት ነገር አለ? ጻፍ! የትምወርቅ አፈወርቅ። ከጆንያው ላይ አልነሳም ብላለች በል። ሁለት ቀፎ ንብና ሁለት ጅግራም በሰው እጅ ሞተዋል ብለህ ጻፍ። የራስህንም እጅ አትርሳ።»

ገሠሠ ጻፈ፤ ፊደሉ ተጣመመበት። ቀና ሲል የትምወርቅ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ባዶዎቹን ሁለት ቀፎዎች በገመድ አስራ ተሸክማ ወደ ቤቷ ሽቅብ መውጣት ጀምራለች። ዘወር አላለችም።