ጠርሙስ ሳይኖር «አለ» የምትል ማሽን

ሚስቱ «እንግዳችን» ትለዋለች። ለቀልድ ነው፤ ግን ከወሩ ሃያውን ቀን በየፋብሪካው እየዋለ በየሆቴሉ ለሚያድር ባል ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ሥራው በራሳቸው የሚሠሩ ማሽኖችን መትከልና መጠገን ነው። በራሳቸው ይሠራሉ ይባላል እንጂ፣ ቢሠሩማ እሱ ሻንጣ አንጠልጥሎ ባልዞረ። የፋብሪካ ሰዎች ከማሽን ጋር ሲጣሉ እንደ አስታራቂ ይጠብቁታል፤ ከበር ጀምረው ክሳቸውን ያሰሙታል። እሱም ኩራቱ አይጣል ነው። «እኔ የነካሁት ማሽን ሁለተኛ አያስጠራኝም» ይላል።

በዚህ ሳምንት ግን ተጠራ፤ ያውም ከአራት ወር በፊት ራሱ ወደ ተከላት ማሽን። የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ላይ ክዳን የምትገጥም ናት። አልፎ አልፎ ክዳን ትበትናለች፣ ትጨናነቃለች። ሥራ አስኪያጁ እንግዳው ሳይቀመጥ፣ «ማሽኗ ደህና ናት፤ ችግሩ ሴትዮዋ ናቸው» አለው።

ሴትዮዋ እዚያው ፋብሪካ ሃያ ዓመት የሠሩ ኦፕሬተር ናቸው። ማሽኗን በየሰዓቱ ያቆማሉ። ለምን ሲባሉ «ጠርሙስ ሳይኖር አለ ትላለች፤ ትዋሻለች» ይላሉ። የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ጠርሙስ የሚያየውን ሴንሰር፣ ሽቦውን ጭምር፣ ሁለት ጊዜ ፈትሿል። ጠርሙስ ሲመጣ መብራቱ ይበራል፣ ሲያልፍ ይጠፋል። ምንም አላገኘበትም።

«አርጅተዋል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አንተ ማሽኗ ደህና ናት ብለህ ፈርምልኝ እንጂ፣ ከሰኞ ጀምሮ አሰናብታቸዋለሁ።»

እንግዳው ላፕቶፑን ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ጋር አገናኝቶ ፕሮግራሙን ሲከፍት ወሽመጡ ተቆረጠ። በተከላው ቀን፣ ጠርሙስ ገና ሳይቀርብ ለመሞከር ብሎ፣ ሴንሰሩ ምንም ቢያይ ማሽኗ «ጠርሙስ አለ» ብላ እንድትሠራ አስገድዷት ነበር። የሙያው ሰው ሁሉ ያደርገዋል፤ ሙከራው ሲያልቅ ግዳጁን ያነሳል። እሱ ግን ያን ቀን አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሲጣደፍ ረስቶት ሄደ። ሴንሰሩ አራት ወር ሙሉ እውነቱን ሲናገር ከርሟል፤ የሚሰማው አልነበረም። ሴትዮዋም እንዲሁ።

ግዳጁን ለማንሳት ሁለት ጊዜ መጫን ይበቃል። ማንም አያውቅም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ሽቦ ላልቶ ነው» ቢል ሴትዮዋም ይተርፋሉ፣ እሱም እንደተከበረ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር፣ አስቦት ነበር። ግን ሽቦውን ሁለት ጊዜ የፈተሸው ኤሌክትሪሺያን አጠገቡ ቆሟል፤ ጥፋቱ በሱ ሊላከክ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይቺኛዋ አራት ወር አድራም አልጠራችም፣ የሚያጠራት ሰው ትፈልግ ነበር። አፈረ።

ግዳጁን አንስቶ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ለሥራ አስኪያጁም፣ ለኤሌክትሪሺያኑም፣ ማሽኗ አጠገብ ለቆሙት ሴትዮም ከመነሻው አስረዳቸው። ሪፖርቱም ላይ እንደዚያው ጻፈ።

«ለድርጅትህ አስታውቃለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ ቆጣ ብሎ።

«ያስታውቁ።»

ሴትዮዋ አላመሰገኑትም። ጓንታቸውን አውልቀው ስልካቸውን አወጡና ደወሉ።

«ልጄ ናት» አሉት ስልኩን እየሰጡት። «እማዬ የሌለ ነገር ይታይሻል፣ አእምሮሽ ደክሟል ብላ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛልኛለች። እኔም እኮ ማመን ጀምሬ ነበር። አሁን ያልከውን ለሷም ንገርልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ፊት ያልተንተባተበው ሰውዬ እዚህ ላይ ተንተባተበ።

«ሄሎ… እኔ ማሽኗን የተከልኩት ነኝ። እናትዎ ያዩት ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «እባክዎ እማዬን ያቅርቡልኝ» አለችው።