ካርታ የማይጥሉት ጋሼ

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ፔንሲዮን ጓዳ ሦስት ሆነን ፖከር እንጫወት ነበር፤ እኔ፣ አብሮኝ የሚያስተምር ወጣትና ጡረታ የወጡ ሹፌር ጎረቤቴ። ጎረቤቴን ጋሼ ነው የምላቸው። የምናስይዘው የሻይ ብር ነው። ለሻይ ብር ግን የልቤ አመታት! እሑድ ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የመጡብኝ ይመስለኝ ነበር።

በባዶ እጅ ማስፈራራትን የተማርኩት ከስልኬ ነው። ጠረጴዛው መሀል ያለው የጋራ ካርታ ሳይከፈት አንዱ ብር ሲጨምር፣ አንተ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳትይዝ በላዩ ትጨምርበታለህ። ከካርታ ሁሉ ትልቁ፣ አስ ካለህ ይሻላል፤ አንዱ አንተ ጋ ስለሆነ እሱ ጋ የመኖሩ ነገር ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ግን ሰውየው ሲፈራ ካርታውን ጥሎ መውጣት የሚችል መሆን አለበት። ይቺን ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኳት፤ አበሳዬ!

የመስቀል ሰሞን አስና አምስት ደረሰኝ። ወጣቱ ጨመረ፣ ጋሼ ተከተሉት፣ እኔ በላያቸው ጨመርኩ። ወጣቱ ወዲያው ጣለ። ጋሼ ግን ካርታቸውን እንኳ ሳያዩ፣ "ብቻህንማ አልተውህም" አሉና ገቡ። እሳቸው ዘንድ ሰውን መሀል መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው።

ደነገጥኩ። ከድንጋጤዬ ብዛት እጄን ኮት ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱ ከጎረቤት ጋር የመስቀል ሰንጋ የምንገዛበት መዋጮዬ እዚያ ነበር። ሚስቴ ቅቤዋን ዓመቱን ሙሉ አጠራቅማ ጨርሳለች፤ ከእኔ የሚጠበቀው ሰንጋው ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሙሉውን ዘረገፍኩት፤ እንዲህ ከሆነስ ይጥላሉ ብዬ።

"አብሬህ ነኝ አልኩህ እኮ ልጄ" አሉና የራሳቸውን የሰንጋ ብር አወጡ።

መሀል የተከፈተው ካርታ አንዱም አልጠቀመኝም። እሳቸው ጥንድ ሦስት ቁጥር ይዘው ነበር፤ ብሩን ጠቅልለው ወሰዱት።

በማግስቱ ከብት ተራ ባዶ ኪሴን ይዤ ቆምኩ። ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ምን ልበል? ተሰረቅኩ? ጋሼ ቀደም አሉና ለሽማግሌው የሁለት ሰው መዋጮ ሰጧቸው።

"የእኔና የእሱ ነው። ትናንት ሰጥቶኛል" አሉ።

ወደ እኔ ዞር ብለው አላዩም። እኔ ግን ነገሩ ይወጣብኛል የሚለው ፍርሃቴ አልለቀቀኝም።

የመስቀል ዕለት ሚስቴ ክትፎውን በዚያ ቅቤ አርሳ፣ በሰው ሁሉ ፊት አጎረሰችኝ።

"ዘንድሮስ ኮራሁብህ" አለችኝ።

ጋሼ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ዓይኔን ከእሳቸው ሸሽጌ ማላመጤን ቀጠልኩ።