ኻዲም ያጣ ውሃ

አሪፋ በየማለዳው ውሃ ከመቅዳቷ በፊት ሁለት ጣቶቿን በጀሪካኑ አፍ ሰዳ ውስጡን ትዳብሳለች። ከዚያ ጣቶቿን እርስ በርስ ታሻቸዋለች፣ ታሸታቸዋለች። ካሟለጨ ጀሪካኑ ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል፤ ካላሟለጨ «ቢስሚላህ» ብላ ከቧንቧው ስር ታስቀምጠዋለች። ሐይቅ ከተማ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት መንገድ ዳር በተከራየቻት ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ጎረቤቶቿ ለምደውታልና አይስቁባትም። ጅዳ ሳለች ግን ተስቆባታል።

ትውልዷ ከውጫሌ በላይ ካለ የአምባሰል መንደር ነው። ጅዳ በነበረችባቸው ዓመታት ቀን ቀን ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማታ የምታድረው ከሌሎች የወሎ ሴቶች ጋር በተከራዩት አንድ ክፍል ነበር። ከእነሱ አንዷ ሐቢባ የሐይቅ ዳር ልጅ ናት፤ ቀልደኛ፣ ድምፀ ጎርናና። ኢንሳፍ ደግሞ ዝምተኛ ናት፤ ባሏ ሩቅ ከተማ ሹፌር ነበር፣ እሷም ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ውሃ የሚያመጡት ከመንገዱ ማዶ ካለው ሰቢል ነበር። ሰቢል ለመንገደኛ ሁሉ በነፃ የሚቀዳ የሰደቃ ውሃ ነው። አቡ ሙስዓብ የሚባሉ ሽማግሌ በሟች ባለቤታቸው ስም ያስተከሉት፣ ከአጥራቸው ጋር የተጣበቀ ባለሦስት ቧንቧ ማቀዝቀዣ ነው። ቀትር ካለፈ፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ወንበራቸውን አውጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። የጠጣ ሰው «አላህ ይርሐማት» ብሎ ለሟቿ ምሕረት ሲለምን እሳቸው «አሚን» ይላሉ። ተሸካሚው፣ ጽዳት ሠራተኛው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ሁሉ እዚያ ይጠጣል። የሴቶቹ ቤት ቧንቧ ክዳኑ ከተሰበረ የጣሪያ ታንከር የሚወርድ፣ ርግብ የሚዋኝበት ውሃ ስለነበር ሰቢሉን የላከላቸው አላህ ነው ይሉ ነበር።

በዚያ በጋ ኢንሳፍ ሆዷ ተነሳባት። ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል። የመኖሪያ ፈቃዷ ስላለፈበት ሆስፒታል መሄድ ፈራች። በሦስተኛው ቀን ወደ አሪፋ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ልጁ እንደ በፊቱ አይንቀሳቀስም» አለቻት።

አሪፋ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጠች። ባለመድኃኒቱ እኛ አገር ለምለም የሚባለውን የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጣትና፣ «በንፁህ ውሃ በጥብጪላት፤ ነገ ካልተሻላት ግን ፈራሁ አትበሉ፣ ውሰዷት» አላት። ክፍሉ ስትደርስ ሐቢባ ከሰቢሉ የቀዳችውን ጀሪካን እያስቀመጠች ነበር። አሪፋ ዱቄቱን እንደያዘች ቆመች። ንፁህ ውሃ የትኛው እንደሆነ አታውቅም።

«ምን ትገተሪያለሽ? ይኸውልሽ ቀዝቃዛ!» አለች ሐቢባ።

አሪፋ ጣቷን በጀሪካኑ አፍ ሰደደች። አሟለጨ። ወርዳ የሰቢሉን ቧንቧ አፍ በውስጥ በኩል ዳበሰች። እሱም አሟለጨ። የምትሠራበት ቤት እመቤት የወጥ ቤቱን የውሃ ማጣሪያ ስታስቀይር፣ ነጩ ጥጥ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ አይታለች። የሰቢሉ ሲቀየር ግን ማንም አይቶ አያውቅም።

«ይህን ውሃ አትጠጣም» አለች ተመልሳ።

«የሰደቃ ውሃ እኮ ነው! በኒያ፣ በቅን ሐሳብ የተሰጠ ውሃ ሰው ያሳምማል? አስተግፊሩላህ በይ!»

«ኒያው ንፁህ ነው። የቆሸሸው ቧንቧው ነው።»

«ወይ የአምባሰል ሰው! ምንጭ አቀማጥሎሽ ነው። እኛ ከሐይቁ አሳ ጋር ተሻምተን ጠጥተን ነው ያደግን።»

«ባለፈው ጁምዓ ሆዷን ይዛ ያደረችው ማን ነበረች?»

«እሱ የሩዙ ነው» አለች ሐቢባ፤ ራሷም ሳቀች።

አሪፋ የቤቱን ቧንቧ ውሃ በጨርቅ አጥልላ በትልቁ ድስት ጣደችው። እስኪንተከተክ ጠበቀች፣ ከድና አቀዘቀዘችው፣ ዱቄቱን በጠበጠችበት። ለኢንሳፍ ሌሊቱን ሙሉ በማንኪያ አጠጣቻት። ክፍሉ በእንፋሎቱ እንደ እቶን ሆነ።

«ውሃ ወጥ ሆነ እንዴ?» ትላለች ሐቢባ እያራገበች። «በርበሬ ጣል አርጊበት እንግዲህ፣ በእንጀራ እንብላው!»

በማግሥቱ ከቀትር በፊት ኢንሳፍ የሐቢባን እጅ ስባ ሆዷ ላይ አስቀመጠች። ልጁ ይራገጥ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድስቱን የምትጥደው ሐቢባ ሆነች።

ይህ ግን ለአንድ ክፍል ነው። አሪፋ በመስኮት ወደ ታች ባየች ቁጥር ሰቢሉን የከበቡትን ሕፃናት ታያለች። ለአቡ ሙስዓብ ልንገራቸው አለች።

«የሟች ባለቤትዎ ሰደቃ ሰው ያሳምማል ልትያቸው ነው?» አለች ሐቢባ። «ወይ አፍረው ይዘጉታል፣ ወይ ተቆጥተው ፖሊስ ይጠሩብናል። ከተዘጋ ያ ሁሉ ተሸካሚ በዚህ ፀሐይ ምን ይጠጣ?»

አሪፋ ሁለት ቀን አሰላሰለች። በአገሯ፣ ሰው ለዱዓና ለመንዙማ በሚሰበሰብበት በሐድራ ቤት ውሃ የሚቀዳ፣ ዕቃ የሚያጥብ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ኻዲም ይባላል፤ ክፍያው ዱዓ ብቻ ነው። ከዓስር በኋላ ወርዳ ከሽማግሌው ፊት ቆመች።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ።»

«ሥራ ከሆነ ልጆቼን ጠይቂ።»

«ሥራ አይደለም። ይህ ውሃ ኻዲም አጥቷል። እኔ ልኸድመው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ውሃው ምን ሆነ?»

ልቧ እንዴት እንደመታ ዛሬም ስታወራው እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። «የሚያጥበው ሰው ይፈልጋል። ከአጅሩ፣ ከምንዳው ያካፍሉኝ» አለች።

«በምን ዋጋ?»

«በዱዓ።»

ሽማግሌው የማቀዝቀዣውን ሣጥን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ከቁልፉ በቀር ሌላ የሰጧት ነገር የለም።

ጁምዓ የዕረፍት ቀኗ ነው። አቡ ሙስዓብ መስጊድ እስኪሄዱ ጠብቃ ከሐቢባ ጋር ከፈተችው። ማጣሪያው ጠቁሮ፣ እንደ ኩሬ ዳር ድንጋይ አረንጓዴ ለብሶ ወጣ። ሐቢባ አንዴ አይታ አፏን ያዘች፤ ስለ ሐይቁ አሳ ከዚያ በኋላ አላነሳችም። አሪፋ አሮጌውን ማጣሪያ ሽማግሌው እንዳያዩት በፌስታል ጠቅልላ አርቃ ጣለችው። ሁለቱ የውስጡን ታንከር በበረኪና አጠቡ፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቀለቁ፣ አዲስ ማጣሪያ አስገቡ።

ዓስር ላይ አቡ ሙስዓብ ጠጥተው ኩባያውን አዩት። «ውሃው ጣፈጠ። ዱዓው ለባለቤቴ ደርሷት ነው» አሉ። አሪፋ «አሚን» አለች።

ወደ አገሯ እስክትመለስ ድረስ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነበር፤ ስትሄድ ለሐቢባ አስረከበቻት። የኢንሳፍ ልጅ አሁን ውጫሌ ይማራል።

ማጣሪያው በተቀየረበት ወር የአሪፋ እናት ከአምባሰል ደውለው «ምነው ልጄ፣ የዚህ ወሩ ገንዘብ ቀረ?» ብለዋት ነበር። እሷም «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው፣ እማ» አለቻቸው። አሪፋ ይህን ሁሉ ጻፊው ብላ ፈቅዳልኛለች። ማጣሪያውን ማን እንደገዛው ብቻ እንዳልጽፍ ለምናኛለች።