ሚጢና የሁዳዴው ጉበት

«ሐረገወይን በሁዳዴ ጉበት ትበላለች፤ ያውም ከዐብዱልከሪም ሥጋ ቤት!» ተብሎ ፒያሳ ሙሉ ተወራ። ስትበላ ያየ የለም፤ የማለ ግን ሞልቷል።

እትዬ ሐረገወይን ጉበት መግዛታቸውስ እውነት ነው፤ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት በጾም ዝግ ነዋ። የምትበላው ግን ሚጢ ነበረች፤ ልጃቸው ያመጣችላቸው፣ ብታድግም ከድመት የማትበልጥ ዘር ቡችላ። ሚጢ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ባጃጁ መንገድ ትፈተለካለች። ሲጠሯት መምጣት ካልለመደች አንድ ቀን መደፍጠጧ ነው። እትዬ ሐረገወይን በዳቦ ቆሎ ሊያለማምዷት ሞከሩ፤ እሷ ግን አንዷን ቆርጥማ እስክትጨርስ ለምን እንደተሰጣት ትረሳለች።

ዐብዱልከሪም ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ምነው እትዬ፣ በወተት ጥርስ ቆሎ? ጉበት ያለ ጨው ቀቅለው፣ በሽምብራ ልክ ይቆራርጡላት። ሲጠሯት ልክ እንደመጣች ያጉርሷት።»

በሳምንቱ ባጃጅ እየበረረ ሲመጣ ሚጢ መንገዱ ጠርዝ ደርሳ ነበር። «ሚጢ!» አሏት። ዞራ እየሮጠች እቅፋቸው ገባች።

በማግስቱ እትዬ ሐረገወይን ደጃፍ ላይ ለተኮለኮሉት ጎረቤቶች እንዲህ አሉ፦ «ለእኔ ጾም የተጨነቀው አገር ሙሉ ነው፤ ለሚጢ ነፍስ የተጨነቀው ዐብዱልከሪም ነው፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። ከእናንተስ ማንን ልመርቅ?»